ዜዱ የማን ነው?

ቴፔ የሞተው ሐምሌ ላይ ነው። ቴፕ ስል ካሴት የሚጎርስ እንዳይመስላችሁ፤ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ፣ ፍላሽ የሚሰካበት፣ ከስልክ ጋር ያለ ሽቦ የሚነጋገር ዕቃ ነው። መኪና ውስጥ የሚዘፍን ሁሉ ግን ቴፕ ነው። ካሴቱ ከሄደ ስንት ዘመኑ፤ ስሙ ዳሽቦርዱ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

አሟሟቱ እንዲህ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት መኪናዋ አልነሳም አለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላዳ ሲያክሙ የኖሩት የሰፈራችን መካኒክ ተጠሩ። ከማዶ የቆመው አይሱዙ ተለመነ፤ ሾፌሩ «ነዳጅ አላቃጥልም» ብሎ ሞተሩን ሳያስነሳ ኬብል ሰጠን፤ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። ኬብሉ ተነቀለ፣ ሬዲዮው ዜና ማንበብ ጀመረ፣ ተመሰጋገንን። ይኼኔ መካኒኩ ጋሼ የአሥር ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። «ዲናሞህ ይሞላ እንደሆነ እንየው» አሉና፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው ብድግ አደረጉት።

ሞተሩ አልጠፋም። «አየህ፣ ዲናሞህ ደኅና ነው» አሉኝ። ዲናሞው እውነትም ደኅና ነበር። ዜና አንባቢው ግን ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቀረ።

ተከራከርን። እሳቸው ጥፋቱን በአይሱዙው ላይ አደረጉ። «የእሱ ሁለት ባትሪ ነው፤ ሃያ አራት ቮልት ነው፤ እሱ ነው ያቃጠለብህ።» ኬብሉ ከተነቀለ በኋላ እኮ ሬዲዮው ይናገር ነበር ብላቸው፣ «መርዝ ወዲያው አይገድልም» አሉ። ለዚህ ምን መልስ አለ?

ቴፑን ይዤ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ልጅ ጋ ሄድኩ። ከፍቶ መብራት ሥር አስገባውና በወረንጦ ጫፍ አንዲት ጥቁር ነገር አሳየኝ። ምስር ታክላለች። እንደ ድሮዎቹ ቦርዱን በስታ የምትገባበት እግር የላትም፤ እላዩ ላይ ተጋድማ በሁለት ጎኗ ተበይዳለች። «ዜነሯ ናት ጋሼ። ሾርት ሆናለች፤ ፊውዙን የበጠሰችው እሷ ናት። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው።» ጀርባዋ ላይ በአጉሊ መነጽር የሚነበቡ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፦ ኤል እና ዜድ። ዜዱ የዜነር መሆን አለበት ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማታ ግን ዜዱ አላስተኛኝ አለ። አንድ የፊዚክስ አስተማሪያችን «ዜነር የሰው ስም ነው፤ ሰውየው ግን ዕቃውን አልሠራውም» ማለታቸው ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ በላይ ያሉትን መስኮት መስኮቱን ሳይ አምልጦኛል። ተነሥቼ መፈለግ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ነገር፣ ዜዱ የማንም አይደለም። ምስር የሚያህል ጀርባ ላይ ሙሉ ስም ስለማይጻፍ አምራቾቹ የቮልቱን ተራ እየተከተሉ ፊደል ያድላሉ። የ22 ቮልቷ ኤል ኤክስ ትባላለች፣ የ24ቷ ኤል ዜድ፣ የ26ቷ ኤም ኢ። ፊደል አልቆ ነው እንጂ ሰው ተከብሮ አይደለም።

ሰውየው ግን አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ክላረንስ ዜነር በ1905 ኢንዲያናፖሊስ ተወለደ። በ1934 እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ሳለ በሮያል ሶሳይቲ መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ ስለ ዳዮድ አንድም ነገር የለውም። የሚጠይቀው፣ ኤሌክትሪክ አላሳልፍም የሚል ጠጣር ነገር ብርቱ ቮልቴጅ ሲጫነው ለምን በመጨረሻ እጁን ይሰጣል የሚለውን ነው። መልሱ፣ ኤሌክትሮኖቹ ግድግዳውን ሳይዘሉትም ሳያፈርሱትም በውስጡ ሾልከው ያልፋሉ የሚል ነበር። ይህን ብሎ ሰውየው ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። በ1948 ስለ ብረቶች መለጠጥና መመለስ መጽሐፍ ጻፈ፣ የዌስቲንግሃውስን የምርምር ክፍል መራ፣ በስተርጅናው ደግሞ ከውቅያኖስ ሙቀት ኤሌክትሪክ ስለማውጣት ያሰላስል ነበር። ስሙን ለዳዮዱ የሰጠው የቤል ላቦራቶሪው ዊሊያም ሾክሌይ ነው። ሕፃኑ የሌላ፣ ክርስትና አባቱ ሾክሌይ፣ ስሙ የዜነር።

የሌላ ያልኩት በምክንያት ነው። እዚያው ቤል ላቦራቶሪ ኬኔት ማኬይ የሚባል ሰው ነበር። በ1954 ባወጣው ጽሑፍ በሲሊኮን ውስጥ የሚሆነው ነገር ሹለካ ሳይሆን ናዳ መሆኑን አሳየ። አንድ ኤሌክትሮን ፍጥነት አግኝቶ ሌላውን ገጭቶ ይነቅላል፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ፣ አራቱ ስምንት፣ ዓባይ በረሃ ላይ አንድ ድንጋይ ተንከባሎ ገደሉን በሙሉ ይዞት እንደሚወርደው። ዛሬ የተስማሙበት፣ ከአምስት ቮልት ገደማ በታች የሚከፈቱት ዳዮዶች በዜነር ሹለካ፣ ከዚያ በላይ ያሉት በማኬይ ናዳ እንደሚሠሩ ነው። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፤ አሙቋቸው። ሹለካው ሲሞቅ ቀድሞ ይከፈታል፣ ናዳው ሲሞቅ ይዘገያል። የእኔዋ ኤል ዜድ የምትከፈተው ከ26.7 ቮልት ጀምሮ ነው። ከናዳም የለየላት ናዳ ናት ማለት ነው፤ ዜነር የሚባል ነገር በደጇም አላለፈም።

እውነቱን ልናገር፣ ለማኬይ ተቆረቆርኩ። ሥራውን ሠርቶ ስሙን ሌላ ሰው የወሰደበት ሰው ሳይ ያመኛል፤ መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ይህን ሕመም ያውቀዋል። በማግሥቱ ለጠጋኙ ልጅ ሄጄ ነገርኩት። «ይቺ ዜነር አይደለችም፣ ናዳ ናት።» በትዕግሥት አዳመጠኝና «ጋሼ፣ ገበያ ወጥቼ ናዳ አላችሁ ወይ ብል ማን ይሸጥልኛል?» አለኝ።

ስለ ስም ከተነሣ አንድ ሌላ ቂም አለኝ። የእነዚህ ላይ በላይ ተበያጆች ቅርፊት በሦስት መጠን ይመጣል፦ ትንሹ ኤስኤምኤ፣ መካከለኛው ኤስኤምቢ፣ ትልቁ ኤስኤምሲ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፤ ሕፃን ይገባዋል። በመደበኛው የአሜሪካ መዝገብ ግን ትንሹ ዲኦ 214 ኤሲ ነው፣ መካከለኛው 214 ኤኤ፣ ትልቁ 214 ኤቢ። የቆሎ ተማሪ ሀሁን በቃሉ እንዳይወጣ አቡጊዳ ያስቆጥሩት የነበረው ዘዴ መሐንዲሶች ዘንድ የደረሰ ይመስላል።

ወደ ዲናሞው ልመለስ፤ እሱም ዲናሞ አይደለምና። ዲናሞ የሚባለው በሚሽከረከረው ክፍሉ ኤሌክትሪኩን አምርቶ፣ በካርቦን እየለቀመ፣ አቅጣጫውን አስተካክሎ የሚያወጣው የአያቶቻችን ማሽን ነው። ክራይስለር በ1960 ቫሊያንት በምትባለዋ መኪና ላይ አልተርኔተር መደበኛ ዕቃ ካደረገ ወዲህ ዲናሞ ቀስ በቀስ ከመኪና ወረደ። አልተርኔተር የሚያመርተው ወዲያ ወዲህ የሚል ኤሌክትሪክ ስለሆነ የሲሊኮን ዳዮዶች ናቸው የሚያቀኑት፤ እነሱ ባይረክሱ ኖሮ ቫሊያንትም ባልቻለች። እኛ ጋ ግን ማሽኑ ተለወጠ፣ ስሙ አልተለወጠም፤ ከስሙም ጋር ምርመራው አብሮ ተሻገረ። ባትሪ ነቅሎ ማየት የዲናሞ ዘመን ጥበብ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚያ ዘመን ከአምፖልና ከኮይል በቀር መኪና ውስጥ የሚቃጠል ምን ነበረ? ከ2024 ወዲህ አገራችን የነዳጅ የቤት መኪና አታስገቡ ብላለች፤ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ዲናሞም አልተርኔተርም የላቸውም። ጋሼ ያን ጊዜ ምን እንደሚነቅሉ እንጃ።

ሲነቀል ምን ይሆናል? ገመድ ጉተታ አስቡ። ባትሪው በአንድ በኩል ይጎትታል፣ ዲናሞው (ይኸው እኔም አልኩት) በሌላው። የደከመ ባትሪ አብዝቶ ይጠማል፤ ያን ጠዋት ደግሞ የእኔው ደርቆ ነበር፣ ስለዚህ ዲናሞው ባለ በሌለ ኃይሉ ይሰጥ ነበር። ድንገት አንዱ ወገን ገመዱን ለቀቀ። ቮልቴጅ ተቆጣጣሪው «በቃ» ማለቱ አይቀርም፤ ነገር ግን የሚሽከረከረው ማግኔት ጉልበቱ ባንዴ አይሟሽሽም። እስኪሟሽሽ ድረስ 14 ቮልት የለመደው የመኪናው ሽቦ ሁሉ ሌላ ዓለም ያያል። አይኤስኦ 16750 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለ12 ቮልት መኪና ከ79 እስከ 101 ቮልት፣ እስከ 400 ሚሊሰከንድ ድረስ ብሎ ይፈትነዋል፤ ለ24 ቮልቱ የጭነት መኪና ደግሞ ከ151 እስከ 202። ደረጃውን የጻፉት ሰዎች ጋሼን አያውቋቸውም፤ ያሰቡት ተርሚናሉ ዝጎና ላልቶ ጉድጓድ ላይ የሚለቀውን መኪና ነው። አሁን አሁን ብዙ አልተርኔተሮች የማቅኛ ዳዮዶቻቸው ራሳቸው የናዳ ዓይነት ሆነው ማዕበሉን እዚያው ምንጩ ላይ ወደ 35 ቮልት ያወርዱታል። የእኔ መኪና ያን ያህል ዘመናይ አይደለችም።

የኤል ዜድ ሥራ እንግዲህ ይህ ነበር። በሰላሙ ቀን ምንም አትሠራም፤ ቆማ ታያለች። ቮልቴጁ ወሰኑን ሲያልፍ በር ከፍታ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ትለቀዋለች፣ ሙቀቱን በራሷ ላይ ትወስዳለች። ወረቀቷ ላይ 600 ዋት ይላል፤ 15.4 አምፔር እየዋጠች ቮልቴጁን ከ38.9 በላይ አታስወጣም። ጀግንነት ነው፤ ግን ከሥር ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ አንብቡ። 600 ዋት የሚባለው በአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ውስጥ በግማሽ ለሚወርድ ምት ነው። ጋሼ የሰጧት እስከ 400 ሺሕኛ የሚዘልቅ ነው። እሷ የተቀጠረችው ለክላክሱ ሪሌ፣ ለዝናብ መጥረጊያው ሞተር ብልጭታ ነበር። ዋናውን ማዕበል ለመሸከም የተሠሩት ታላላቆቿ፣ ኤስኤም8ኤስ የሚባሉት፣ በዚያው መለኪያ 6,600 ዋት ናቸው፤ ሆዳቸው ብረት ነው፣ ሙቀቱን ወደ ቦርዱ ያስገባሉ። ዋጋቸውም እንደ ሆዳቸው ስለሆነ የቴፕ አምራች አያስገባቸውም። እሷም አልሸሸችም፤ ሾርት ሆና ፊውዙን በጥሳ፣ ከኋላዋ ያለውን ሁሉ አትርፋ ሞተች።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። ባለ 12 ቮልት መኪና ውስጥ ለምን ባለ 24 ቮልት ዘበኛ? 15 ላይ የምትነቃ ብትቀመጥ አይሻልም? መልሱን ሳገኘው ብቻዬን ሳቅሁ። ለአይሱዙው ነው። ያው ደረጃ ለቤት መኪና ዕቃ 24 ቮልት ለ60 ሰከንድ ተሸከም ይላል፤ ሰው መንገድ ላይ ሲቸገር የሚደርስለት ብዙ ጊዜ የጭነት መኪና ነውና። በ15 የምትነቃ ዘበኛ ያን አንድ ደቂቃ ሙሉ የአይሱዙን ሁለት ባትሪ ልጠጣ ብላ ትቃጠል ነበር። የአይሱዙው ሾፌር ለነዳጁ ሳይሳሳ ሞተሩን አስነሥቶ ቢሆን ኖሮ 28 ቮልት ይሆን ነበር፣ ያን ጊዜ ክርክሩ ሌላ ነው። ግን አላስነሣም፤ እኔ ምስክር ነኝ። አይሱዙው ነጻ ነው።

ጠጋኙ ልጅ «ሳትኖርም ይሠራል ጋሼ» ብሎ የሞተችውን አንስቶ ፊውዙን ቀየረና ቴፑን አስዘፈነልኝ። ልክ ነው፣ ይሠራል። ያለ ዘበኛ አልሄድም ብዬ ድርቅ አልኩ። ከአንድ የሞተ ቦርድ ላይ ኤም ኢ አገኘልኝና በያት፤ የ26ቷን። ሁለት ቮልት ትዕግሥት ጨመርኩ ማለት ነው።

ቴስተርም ገዛሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ በደጄ ሲያልፉ ጠራኋቸው፣ ሞተሩን አስነሣሁ፣ ሁለቱን ሽቦ ባትሪው ላይ አድርጌ አሳየኋቸው፤ 14.1 ይላል። ባትሪ ሳይነቀል ዲናሞ እንዲህ ነው የሚታየው አልኳቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ቁጥሩን በደንብ አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዕቃው ስንት እንደተገዛ ጠየቁኝ።

«ጥሩ ነው» አሉ፣ የአሥር ቁልፉን ከኪሳቸው እያወጡ። «በል አሁን ደግሞ ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ እንየው።»