የልጄ ጀልባ በስቶክሆልም

ከስቶክሆልም ወደ ባልቲክ ባሕር ሲወጣ ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ደሴቶችና ቋጥኞች አሉ። ውሃው በብርዱ ወራት ስለሚጋገር ጀልባዎች በመኸር ወደ የብስ ይወጣሉ። ልጄን ልጠይቅ በሚያዝያ ስሄድ ትንሿ ባለሸራ ጀልባው ገና በድጋፍ እንጨት ላይ ቆማ ነበር።

ባለሸራ ብትሆንም ነፋስ ሲጠፋ የምትሄደው በናፍጣ ሞተር ነው። የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ፣ የእኛ መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉት፣ ከልጄ ዕድሜ የሚበልጥ ብረት ነው። ግማሹ ባዶ ሆኖ ከከረመ ውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ይሆናል። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳልና ከሥር ተኝቶ ብረቱን ይበላዋል። ማዕበል ሲያናውጠው ደግሞ ዝገቱና አተላው ተነስቶ ፊልትሮውን ይደፍናል። ባለፈው ዓመት ሞተሩ የጠፋባቸው የፊንላንድ ግዙፍ መርከቦች በሚያልፉበት መስመር ላይ ነው፤ የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄም አብራ ነበረች። ይህን ሰምቼ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

አሮጌው በበሩ አልወጣ አለ፤ ጀልባዋ የተሠራችው እሱ ከገባ በኋላ ነው መሰለኝ። ናፍጣው ተቀድቶ፣ ደረጃውና የወለሉ ጣውላ ተነቅሎ፣ ሁለት ሰው ሲታገለው ዋለ። አዲሱ የማይዝግ ፕላስቲክ ነው። ልጄ ከመግዛቱ በፊት በልኩ ካርቶን ሠርቶ በበሩ ማለፉን ሞከረ፤ ይህን ብልሃቱን ወደድኩለት።

ካርቶኑን የልጅ ልጄ ለአሻንጉሊቶቿ ቤት አደረገችው። እኔም በመኸር ጀልባዋ ስትወጣ ሰልባትዮው ጢም ብሎ ይሞላ ብዬ ከአሁኑ አደራ ብያለሁ።