የጣራችን ቀዳዳ

በነቀምቴ ከተማ ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሠፈር የሚኖር ሰው ዝናብን እንደ እንግዳ አይቈጥረውም። ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ ዝናቡ እንደ ቤተሰብ ይገባል፣ ይወጣል፤ በዓመት የሚጥለውም ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ በዚህ አገር የጣራ ነገር ለቤትም ሆነ ለመኪና ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት መሆኑን ለማያውቀው አንባቢያችን እንገልጻለን። ይኸንንም ያነሣነው የሠፈራችንን ስም ለመተርጐም ብቻ ሳይሆን፣ ለብዙ ዓመት በመኪናችን ውስጥም አንዲት ትንሽ ቡርቃ ስለ ነበረችን ነው።

መኪናችን አሮጌ ላንድሮቨር ናት። ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ጣራዋን በስቶ ፖርቶ መጋላ አሠርቶባት ነበር፤ ኋላም ፖርቶ መጋላው ሲነሣ ቀዳዳው ቀረ። እኛ ስንገዛት ቀዳዳዎቹ በብረት ቡሎንና ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቈረጠ ጎማ ተደፍነው ነበር። ጎማው ሲደርቅ ሬንጅ ቀባንበት፤ ሬንጁ ሲሰነጠቅ ሌላ ሬንጅ ደረብንበት፤ ያም ሲያቅት ላስቲክ አለበስነው። ይኸን ሁሉ ዓመት ነገሩን ከሥር ሳንመረምር የቈየንበትን ምክንያት ለመናገር እናፍራለን፤ ሆኖም እውነቱ ይህ ነው፦ ውሃው የሚንጠባጠበው ከኋላ እንጂ እኛ በምንቀመጥበት በኩል አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መስከረም ሲጠባ፣ ከጊምቢ ወደ ነቀምቴ ስንመለስ የአንድ ወዳጃችንን ልጅ አሳፍረን ነበር። ልጅቱ መምህር ለመሆን ወደ ኮሌጅ ልትመዘገብ ትሄድ ነበር፤ የትምህርት ማስረጃዋንም በፖስታ አድርጋ ከኋላ፣ ከዕቃዋ ላይ አስቀመጠችው። የዴዴሳን ሸለቆ ወርደን ዳገቱን ስንያያዝ ዝናቡ ወረደ። ነቀምቴ ደርሰን የኋላውን በር ስንከፍት ፖስታው እንደ ራሰ እንጀራ ሆኖ አገኘነው፤ የማኅተሙ ሰማያዊ ቀለም ፈስሶ ውጤቱንም ስሙንም አንድ አድርጎታል። ልጅቱም ትክ ብላ አየችውና፣ «ምንም አይደል፣ ጋሼ፤ እርስዎ ምን ያድርጉ» አለችን። ምን ማድረግ እንደ ነበረብን ግን እኛ አሳምረን እናውቅ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ጊምቢ ተመልሰን ምትክ እንዲጻፍላት ጠየቅን። የሚፈርመው ሰው ለሥራ ወጥቶ ነበርና ምትኩ ሲደርስ ምዝገባው አልፏል። ልጅቱ ያን ዓመት እቤቷ ዋለች። አባቷ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንሥቶብን አያውቅም፤ ቡና ጠርቶን ስንሄድ ግን ቡናውን የምታቀርብልን እሷ ነበረች።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ በኋላው ወንበር ማንንም ላለማሳፈር ወሰንንና መኪናዪቱን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። በያጁ ወጣት ኤሌክትሮዱን አዘጋጅቶ ሊጀምር ሲል፣ ከጐረቤት ማሰሮ መክደኛና ኩራዝ የሚሠሩ አንድ አረጋዊ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ብድግ ብለው መጡ። ከተሰበረ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ የወጣ ማግኔት በጣራው ላይ አኖሩ፤ ማግኔቱም ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። «ይኸ ብረት አይደለም፣ ልጄ፤ ድስት ነው» አሉት።

ነገሩም እንዳሉት ነው። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1948) በአምስተርዳም ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ከጦርነቱ የተነሣ ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር፣ የአካሉ ልባስ በአብዛኛው ከአልሙኒየም ተሠራ። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ እንደ ብረትም ቀድሞ ቀልቶ ስለማያስጠነቅቅ፣ በተራ የብረት ብየዳ የሚነካው ሰው ትንሹን ቀዳዳ ሊደፍን ሲል እጅ የሚያሾልክ ያደርገዋል። ጣራው ብረት የሆነ መኪናም ቢሆን ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደለም፤ ስስ ላሜራ በሙቀት ይጣመማል፣ የውስጡ ቀለም ይቃጠልና ዝገቱ ከማይታይበት በኩል እንደ ገና ይጀምራል፤ የጣራው የውስጥ ልባስም እሳት ይይዛል።

አረጋዊው ቀጥለው፣ «ለመሆኑ ቀዳዳው ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ስድስት ነው አልናቸው። «ማን ቈጠረው?» አሉ። ዝም አልን።

የውስጡን ልባስ አውልቀን፣ እሳቸው በጣሳ ውሃ እያፈሰሱ፣ እኛ ከውስጥ ጠመኔ ይዘን ምልክት አደረግን። ውሃውን ያፈሰሱት ከታችኛው ጠርዝ ጀምረው ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ነበር፤ ምክንያቱም ከላይ ከተጀመረ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይረጥብና መግቢያው አይለይም። ውሃ በገባበት አይንጠባጠብም፤ የጣራውን አጥንት ይዞ ክንድ ያህል ተጕዞ ሌላ ቦታ ይወርዳል። ሬንጁ ሲፋቅ ቀዳዳዎቹ አሥራ አንድ ሆነው ተገኙ። አምስቱን የጨመርናቸው እኛ ነን ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ የብረት ቡሎንና አልሙኒየም በእርጥበት መካከል ሲገናኙ የሚበላው አልሙኒየሙ ነውና፣ በሬንጁ ሥር የታመቀው ውሃ በየቡሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት እያወጣ ጣራውን ሲበላው ኖሯል።

ሥራውን ለኅዳር ቀጠሩት፤ ክረምት የነካው ጣራ ሳይደርቅ ማጣበቂያ አይዝም ብለው ነው። ኅዳር ሲገባ ቡሎኖቹን ነቅለው፣ በየቀዳዳው ዙሪያ ሦስት ጣት ያህል በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው ነጩን ዱቄት እስኪያልቅና ማዕድኑ እስኪያበራ አጸዱት፤ በቲነርም ወለወሉት። ከዚያ በኋላ አልዘገዩም፤ የተፈተገ አልሙኒየም ወዲያው እንደ ገና ቆዳ ያበጃልና። ከአሮጌ የአልሙኒየም ድስት ክዳን ክብ ክብ እራፊ ቈርጠው፣ ሁለቱን የኢፖክሲ ዓይነቶች በልኩ ለውሰው፣ እራፊውን ከውስጥ ለጥፈው በእንጨት ደገፉት። ማዕዘን ያለው እራፊ ከማዕዘኑ ስለሚነሣ ክብ መሆኑ ይሻላል አሉ። ከላይ በኩል ጐድጓዳውን በኢፖክሲ ሞልተው፣ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ደርበው፣ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት እንዳይነካ አዘዙ። በመጨረሻም አስተካክለው ፈትገው ቀለም ቀቡት፤ ኢፖክሲ ውሃን ቢችልም ፀሐይን አይችልም፣ በደጋ አገር ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል።

እኛ በመካከሉ ብልሃተኛ ለመምሰል ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ገዝተን አምጥተን ነበር። አሽትተው መለሱልን፤ ሽታው አሲድ ነው፣ ማዕድን ይበላል፤ እሱ በነካው ላይም ቀለም አይጸናም አሉ። ቱቦው እስከ ዛሬ ሳይከፈት ከመሳቢያችን ውስጥ አለ።

እጃቸውን ስናይ ትዝ ያለን የብራና ሥራ ነው። በጥንታውያን መጻሕፍታችን ውስጥ በክር የተጠቀመ ቀዳዳ ያለበትን ቅጠል ያላየ መምህር ያለ አይመስለንም። ቆዳው ሲገፈፍ ቢላዋ የሳተውን ብራና ፋቂው አይጥለውም፤ ከመድረቁ አስቀድሞ ይጠቅመዋል፤ ጸሓፊውም ጥቅሙ ዘንድ ሲደርስ ቃሉን ዞር አድርጎ ይጽፋል። ስንት መቶ ዓመት የኖረ መጽሐፍ እንዲህ ተጠቅሞ ኖሯል። አረጋዊው ይኸን ብንነግራቸው፣ «እኔ ማንበብ አልችልም፤ ስፌቱን ግን ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አሉን።

ነገር ግን ሁሉን እራፊ ያድነዋል ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን። በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰጥ ጣራ፣ ወይም ጣራውን የሚሸከመው ምሰሶ የተበላ መኪና፣ ማጣበቂያ አይገባውም። አረጋዊውም ምሰሶዎቹን በመዶሻ እጀታ እያንኳኩ ካዳመጡ በኋላ ነው ሥራውን የተቀበሉት።

በተከታዩ ዓመት መስከረም ልጅቱን ከጊምቢ ልናመጣት ራሳችን ሄድን። ዴዴሳን እንደ ተሻገርን ዝናቡ እንደ ልማዱ መጣ፤ በጣራው ላይም እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። አንድ ጊዜ መኪናዪቱን አቁመን ወደ ኋላ ዞረን በእጃችን ጣራውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰስነው፤ ደረቅ ነበር። ዕቃዋንም ከኋላ እንድታኖረው ነገርናት። ሻንጣዋን አኖረችው። ፖስታውን ግን በላስቲክ ጠቅልላ፣ በነጠላዋ ሸፍና፣ ነቀምቴ እስክንገባ ከጭኗ ላይ አላነሣችውም።