ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ጀርባ

ብዙውን ጊዜ የምንጽፍላችሁ ስለ ጸሎት፣ ስለ ትዳርና ስለ ቃሉ ነው። ዛሬ ስለ መኪና ፊልትሮ ነው። መኪና የሌላችሁም አንብቡት፤ ሁላችንም አንድ ቀን በሰው መኪና እንሳፈራለን፣ ደግሞም ስለ እግረኛ የምንለው አለን።

መኪና ሁለት የአየር ማጣሪያ አላት። አንደኛው ሞተሩ የሚተነፍስበት ነው፤ መካኒኮቻችን ከጣሊያን በቀረልን ስም ዲፕራቶር ይሉታል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር ይታያል፣ ይራገፋል፣ ሲበቃው ይቀየራል። ሁለተኛው ውስጥ የተቀመጠው ሰው የሚተነፍስበት ነው። ብዙዎች የኤሲ ፊልትሮ ይሉታል፤ ነገር ግን ኤሲ ባይበራም በማራገቢያው በኩል ወደ እኛ የሚመጣው አየር ሁሉ የሚያልፈው በእርሱ ነው። ስለዚህኛው የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል። ሞተር ሲታፈን ጉልበት ያጣል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ባለቤቱም በኪሱ ያውቀዋል። ሰው ሲታፈን ግን «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ይባላል።

ለእኛ ይህን ነገር ያስተማሩን አንዲት እናት ናቸው። የኅብረታችን አባል ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። አስም አለባቸው። ቤታቸው ከዓባይ ማዶ ስለሆነ ሐሙስ ሐሙስ ለጸሎት፣ ቀጠሮ ሲኖራቸው ደግሞ ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል እኛ ባልና ሚስቱ እናደርሳቸዋለን። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ይወዱታል። 380 ሜትር ነው ርዝመቱ፤ እርሳቸው ግን «አንድ መዝሙር የማይሞላ መንገድ» ይሉታል።

በመጋቢት ወር ነበር። ከተማው በአቧራ ሲታፈን መስኮቱን ዘግተን አየሩን ከፈትንላቸው። ገና ድልድዩን ሳንጨርስ ሳሉ ጀመራቸው። «እማማ፣ መድኃኒትዎን ረሱት እንዴ?» አልናቸው። አልረሱም፤ የሚስቡትን መድኃኒት ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩን። «ልጆቼ፣ መስኮቱን ክፈቱልኝ፤ የመንገዱ አቧራ ይሻለኛል» አሉ።

ንግግራቸው ከነከነን። መኪናዋን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት፤ ጋዝ ጨርሳ ነው ተባለ። ተሞላ፣ ተከፈለ። አየሩ ቀዘቀዘ፤ ሳሉም ሽታውም ግን ያው ነበር። በመጨረሻ ከመዘምራኑ አንዱ፣ መኪና መነካካት የሚወድ ልጅ፣ መሳቢያውን ዘርግቶ ከጀርባው አንድ ነገር ሳበ። አዲስ ሲሆን ነጭ፣ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ነው። የእኛው ጠቁሮ፣ በእጥፋቶቹ መካከል የጃካራንዳ ቅጠል፣ ጭድና የደረቀ ነፍሳት ይዞ፣ በአንድ ጎኑ ሻግቶ ወጣ። ጠርዙ ላይ የጃፓንኛ ጽሑፍ አለበት፤ መኪናዋ ባሕር ተሻግራ ስትመጣ አብሯት የመጣ ነው ማለት ነው።

ሥራው ቡና እስኪፈላ እንኳ አይፈጅም፣ መፍቻም አይፈልግም። በቪትዝ፣ በያሪስ፣ በኮሮላና በብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ማጣሪያው ያለው ከጋቢናው ተሳፋሪ ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ ነው። ሞተሩን አጥፉ። ሊብሬውን፣ የኢንሹራንሱን ወረቀት፣ የመዝሙር ፍላሹንና ሌላውን ሁሉ አውጡ። በመሳቢያው ጎን መሳቢያው በዝግታ እንዲወርድ የምትይዝ ትንሽ ክንድ አለች፤ እርሷን አላቁ። ሁለቱን ጎኖች ወደ ውስጥ ጫን ስታደርጓቸው መሳቢያው ወደ ታች ይዘረጋል፣ ከጀርባውም ጠባብ የፕላስቲክ ክዳን ይታያል። የክዳኑን ጆሮ ተጭናችሁ ክፈቱትና ማጣሪያውን ሳታራግፉ ሳቡት። ወዲያው በፌስታል ከትታችሁ እሰሩት። አስም ያለበት ሰው አጠገብ አይሁን፤ የምትሠሩትም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ጠርዙ ላይ ያለችውን ቀስት አስተውሉ፤ አንዳንዱ ላይ አየሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የላይኛውን ጎን ታሳያለች። አዲሱን ለመግዛት ወደ መለዋወጫ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ከነፌስታሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመኪናው ስም ይልቅ ልኩ አይዋሽም። ጥቁር አዲስ ማጣሪያ ቢሰጧችሁ አሮጌ ነው ብላችሁ አትጣሉ፤ ሽታ እንዲይዝ ከሰል የተጨመረበት ዓይነት አለ።

በኮምፕሬሰር ነፍቶ መልሶ ማስገባት በየጋራዡ የተለመደ ነው። አንመክርም። ኃይለኛው አየር የወረቀቱን ጭረት ያላላዋል፤ ዓይን የሚያየው አቧራ ይወጣል፣ ዓይን የማያየው ግን ከዚያ ወዲያ እንደ ልቡ ያልፋል። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ደግሞ ይህ ዓይን የማያየው ነው፤ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም፣ አንድ የራስ ፀጉር ደግሞ 70 ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በዓመት አማካይ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ እንዲህ ያለው ብናኝ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ተራ የወረቀት ማጣሪያ ይህን ሁሉ አይይዝም፤ ግን ካለመኖሩ በእጅጉ ይሻላል።

አምራቾች በብዛት ከ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር፣ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር ይላሉ፤ አቧራ ባለበት ቀደም ብሎ። ለባሕር ዳር ሰው የኪሎ ሜትሩን ቁጥር መጠበቅ የሚያዋጣ አይመስለንም። እዚህ ብዙዎቻችን በቀን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው የምንነዳው፤ አቧራው ግን ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። ክረምቱ ከሐይቁ እርጥበት ጋር ተጨምሮ ማጣሪያውን ያረጥበዋል፣ ዛፍ ሥር የሚያቆም ሰው ደግሞ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ወንፊት ቅጠል ይሰበስባል። በሐምሌ መስታወታችሁ በእንፋሎት ተሸፍኖ አልጠራ ካለ፣ ማራገቢያው እየጮኸ አየሩ ከደከመ፣ መጀመሪያ መሳቢያውን ዘርጉ። እኛ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያበቃ እንቀይራለን፤ ግንቦት ላይ ደግሞ አውጥተን እናያለን።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ወገኖችም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም። ዲፕራቶር የላትም፤ ሞተሯ አይተነፍስም። ተሳፋሪው ግን ይተነፍሳል፣ ማጣሪያውም አለ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አስገረመን። ያ የመዘምራን ልጅ እንደነገረን፣ ቦታው ተሠርቶላቸው ማጣሪያው ግን ፈጽሞ ያልገባላቸው መኪኖች አሉ። ከፋብሪካ ሲወጡ ማጣሪያው በተጨማሪ ክፍያ የሚገባ ስለነበረ ባዶውን ቀርተዋል። ክዳኑ በቦታው ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። እኅታችን ይህን ሰምታ የራሷን ከፈተች፤ ባዶ ሆኖ አገኘችው።

ይህን ሁሉ ለአንድ ወንድም ስናጫውተው «ልብን ስለ መጠበቅ ጥሩ ስብከት ይወጣዋል» አለን። ይወጣዋል፤ ሲሰበክም ሰምተናል። ለዓይንህ ማጣሪያ አድርግ፣ ለጆሮህ ማጣሪያ አድርግ፣ ለስልክህ ማጣሪያ አድርግ ይባላል። ክፋት የለውም። ነገር ግን ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም ስብከት ነው። ጌታ በማርቆስ 7 ከፈሪሳውያን ጋር ሲከራከር ሰውን የሚያረክሰው ከውጭ የሚገባው ሳይሆን ከልብ የሚወጣው እንደሆነ ነው ያስተማረው። እማማን ያሳላቸውም የመንገዱ አየር አልነበረም። ማጣሪያው ለዓመታት ሲያግደው የኖረው ነገር እላዩ ላይ ሻግቶ፣ ጠባቂው ራሱ የሽታው ምንጭ ሆኖ ነበር። የሌላውን ስህተት ሲያጣራ ኖሮ ያጣራውን ሁሉ በልቡ ያከማቸ አገልጋይ አጋጥሟችሁ ከሆነ፣ አጠገቡ መተንፈስ ለምን እንደሚከብድ ታውቃላችሁ።

በማቴዎስ 23 ላይ ስለ ትንኟና ስለ ግመሉ የተነገረውንም ከዚህ ጋር አነበብነው። በዚያ ዘመን ጠንቃቃ ሰዎች በሕጉ ርኩስ የሆነች ትንኝ እንዳትገባባቸው ወይኑን በጨርቅ ያጠልሉት ነበር፤ እናቶቻችን ጠላ እንደሚያጠልሉት ማለት ነው። ጌታ ማጥለሉን አልነቀፈም። የነቀፈው ትንኟን ለመያዝ የተጉት ሰዎች ፍትሕንና ምሕረትን መተዋቸውን ነው።

ሌላም አለ። በዳሽቦርዱ ላይ የመኪና ምስልና በውስጧ የሚዞር ቀስት ያለበት ቁልፍ ታያላችሁ። እርሱ ሲጫን የውጭው አየር ይዘጋል፣ የውስጡ ብቻ ይዞራል። ከባድ መኪና ጭሱን እየለቀቀ ፊታችሁ ሲሄድ ጥሩ ነው። ነገር ግን በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ ያለውን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ሰላም ሆኖ በሄዳችሁ ጊዜ፣ ያን ቁልፍ ተጭናችሁ አትሂዱ። አምስት ሰው ያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ ራስ ይከብዳል፣ ሾፌሩን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። እርስ በርሱ ብቻ የሚተነፍስ ኅብረትም እንደዚያው ሲያንቀላፋ አይተናል።

እስትንፋስ ቀላል ነገር አይደለም። ነፍስ፣ ነፋስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ፤ በቋንቋችን ሁሉም ከአንድ ሥር ነው የወጡት። ዕብራይስጡም በአንድ ቃል መንፈስንም ነፋስንም እስትንፋስንም ይጠራል። በዘፍጥረት 2 እግዚአብሔር አዳምን ከአፈር ካበጀው በኋላ ሕያው ያደረገው በእስትንፋስ ነው። ስለዚህ የእማማን ሳንባ መጠበቅ ከመንፈሳዊው ሥራ ውጭ ነው ብለን አናስብም። እምነት አለኝ ብሎ መድኃኒቱን የሚጥል ሰው ሲያጋጥመንም አሜን አንልም። ለእማማ እንጸልያለን፣ መድኃኒታቸውን ይስባሉ፣ ማጣሪያውም ይቀየራል። አሁን በመኪናችን ውስጥ መስኮት ክፈቱ አይሉም። አስማቸው ግን አለ፤ ፊልትሮ አስም አይፈውስም።

ያሳሰበን ሌላው ነገር የመጣው ከተቀየረ በኋላ ነው። ንጹሕ አየር ይዘን ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ገጠር አጥቢያዎች ስንሄድ፣ በኋላ መመልከቻችን የምናየው የራሳችንን አቧራ ነው። እኛ ማጣሪያ አለን። ባጃጁ ግን በር እንኳ የለውም። ከገበያ የምትመለሰው እናት ማጣሪያዋ ነጠላዋ ነው፤ መኪና ስትሰማ በጫፉ አፏን ትይዛለች፣ ሌላኛው እጇ እንስራ ወይም ዶሮ ይዟል። እኛ ከዘጠና ሰከንድ በኋላ የለንም፣ አቧራችን ግን እላይዋ ላይ አለ። እግረኛ ሲታይ ፍጥነት መቀነስ ምንም ወጪ የለውም፤ አቧራው ከጎማ ቁመት አይነሣም።

ባለፈው ቅዳሜ እማማ አብረውን ነበሩ። መስኮቱ ተዘግቶ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ፣ መዝሙር እየሰማን ስንሄድ ከኋላ ወንበር ትከሻችንን ነካ አደረጉን። «ቀስ በሉ እንጂ ልጆቼ፣ ያቺ ልጅ አዝላለች።»