የጀርባው መርፌና የእህቴ ማሳከክ

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት በኋላ አንዲት ተማሪያችን ቀረት ብለው ጠየቁኝ። ልጃቸው ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪም ቤት በኦፕራሲዮን እንደምትወልድ ተነግሯታል። «የጀርባ መርፌ ክፉ ነው ይባላል፤ አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ። እኔም የእህቴን ነገር አጫወትኳቸው። ለእናንተም ልጻፈው።

ታላቅ እህቴ በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ወገቧ ላይ መርፌ ተወጋች። ይህ መርፌ ከወገብ በታች ያደነዝዛል። እህቴ አልተኛችም። የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ በጆሮዋ ሰማች።

ከማደንዘዣው ጋር ትንሽ ሞርፊን ተጨምሮላታል። ሞርፊን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው። ማደንዘዣው በጥቂት ሰዓት ይለቃል። ሞርፊኑ ግን እስከ አንድ ቀን ድረስ ሕመሙን ሊያስታግስ ይችላል።

ማታ እህቴ አፍንጫዋን ማከክ ጀመረች። ቀጥሎም ፊቷንና አንገቷን። እናታችን ደነገጠች። «ምች ነው፤ ዳማከሴ ፈልገህ አምጣ» አለችኝ። እህቴ ደግሞ «ሰው አታስቸግሩ» አለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ የምማር ሰው ነኝ። ግን ምን እንደሆነ አላወቅሁም። አለማወቄን ለመናገርም አፈርኩ። ዝም ብዬ ዳማከሴ ፍለጋ ወጣሁ።

በሩ ላይ ነርሷ አገኘችኝ። «በሌሊት ወዴት ነው?» አለች። ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። ገብታ እናቴን «እማማ፣ ይህ ምች አይደለም። ሞርፊኑ ነው። ብዙ ሰው ያሳክካል» አለቻት። ለእህቴ ማስታገሻ ሰጠቻት። ከዚያ ሰዓቷን እያየች የእህቴን ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች።

«ለምን ትቆጥሪያለሽ ልጄ?» አለች እናቴ።

«ማሳከኩ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። የምንፈራው ትንፋሽ እንዳይዘገይ ነው። ስትተኛ ‹ደክሟት ነው› ብላችሁ አትተዉአት። ስትጠሯት አልነቃ ካለች፣ ትንፋሿም ከዘገየ ሮጣችሁ ጥሩኝ። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ» አለች።

ነርሷ በየጊዜው እየመጣች ታያት ነበር። እኛም አልተኛንም። እኔ ሰዓቱን ያዝኩ። እናቴ ትንፋሹን ቆጠረች። «14» ስትል ልቤ መለስ ይላል። ሌሊቱ በደህና ነጋ።

ጠዋት ማደንዘዣ ሰጪውን ባለሙያ ጠየቅሁት። «ጠንቁ እንዴት ይቀነሳል?»

«ዋናው ዘዴ መጠኑን ማሳነስ ነው» አለኝ። ሐኪሞች ሞርፊንን በዚህ መንገድ ለሰው መስጠታቸውን የጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጠኑ ብዙ ነበር። ዛሬ ለወላድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከ1 ሚሊ ግራም አንድ አሥረኛው ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። 1 ብር ለ10 ሲከፈል 10 ሳንቲም ይሆናል። እንደዚያ ማለት ነው። ትንሹም መጠን ሕመሙን በደንብ ያስታግሳል። ማሳከኩ ግን ይቀንሳል።

ሁለተኛው ዘዴ እንደ ፓራሲታሞል ያለ ሌላ ማስታገሻ መጨመር ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሞርፊን አያስፈልግም። ለማቅለሽለሽና ለማስታወክም መከላከያ መድኃኒት አለ። ሽንት ከከለከለ በቀጭን ቱቦ ይወጣል።

እንግዲህ ለተማሪያችን የነገርኳቸው ይህንን ነው። መርፌው ክፉ አይደለም። ክፉው መደበቅ ነው። ከመርፌው በፊት ልጅዎ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ትናገር። ከዚህ በፊት መድኃኒት ጎድቷት እንደሆነም ትናገር። ከመርፌው በኋላ ቢያሳክካት፣ ቢያስታውካት፣ ሽንት ቢከለክላት ለነርሷ ትንገር። አጠገቧ ያለው ሰው ደግሞ ትንፋሿን ይጠብቅ። ከቤት የመጣ መድኃኒት ሳይጠየቅ አይሰጣት።

ተማሪያችን ደብተራቸውን አወጡ። ቀስ ብለው «ትንፋሽ» ብለው ጻፉ። «ሽ»ን አርሜላቸው ሄዱ። ከልጃቸው ጋር ሐኪም ቤት የሚያድሩት እሳቸው ናቸው።