ስለ ጀልባ ጥላ አጠባበቅ

ሰው ቤት ሲሠራ ስለ ግድግዳውና ስለ በሩ ብዙ ይመካከራል፤ ስለ ጥላው ግን ፀሐይ እስክትመታው ድረስ አያስብም። እኛም በዚሁ ስሕተት ከወደቁት ወገን ነን። ዛሬ ለዚህ የቤተ ሰብ ገጽ የምንጽፈው በጣና ባሕር ላይ ስላለችን አንዲት ትንሽ የሞተር ጀልባና በላይዋ ስለ ተወጠረው የሸራ ጥላ ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን አንድ ጣት የማይሞላ ቀዳዳ እናታችንን ለሞት አድርሷቸው፥ እኛንና ወንድማችንንም ሊያለያየን ደርሶ ነበርና፥ የተከበራችሁ አንባብያን በትዕግሥት ብትመለከቱት ጥቅም ይገኝበታል ብለን እናምናለን።

እኛ በደብረ ታቦር የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነን። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት የደጋ ከተማ ናትና ከጀልባ ጋራ ምን አገናኛችሁ የሚለን አይጠፋም። አባታችን የቆራጣ ሰው ነበሩ። ቆራጣ በጣና ምሥራቃዊ ደቡብ ዳርቻ ያለች፥ የወለተ ጴጥሮስ ገዳም የሚገኝባት፥ በቀድሞ ዘመን ነጋዴ ይበዛባት የነበረች አገር ናት። በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልክተኛ ራሳም ከነጓደኞቹ በዚያ ተቀምጦ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሰፈሩበት ወደ ዘጌ የተሻገረው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዓመት የጢስ መርከብን አስመስለው መንኰራኵር ያለው የደንገል ጀልባ አሠርተው እንደ ሞከሩ በዚያ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ታንኳ ጥላ የለውም፤ ተሳፋሪው ነጠላውን ተከናንቦ ወይም ጃንጥላውን ይዞ ይቀመጣል። ዛሬ ምእመናንን ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱት የሞተር ጀልባዎች ግን ብዙዎቹ በላያቸው ጥላ ስላላቸው ሽማግሌውም ሕፃኑም ሳይፈራ ይሳፈራል።

ከአምስት ዓመት በፊት እኛና በቆራጣ የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን ገንዘብ አዋጥተን ዐሥር ሰው የምትይዝ ጀልባ ገዛን። እሱ ሊነዳ፥ እኛም ለትልልቁ ጥገና ወጪ ልንሰጥ፥ ትርፉንም እኩል ልንካፈል ተስማምተን ውል ጻፍን። በሥራችን ብዙ ውል ስለ ጻፍን የቀረ ነገር ያለ አልመሰለንም። ስለ ሞተሩ፥ ስለ ነዳጁ፥ ስለ ቀለሙ ሁሉ ተጽፏል፤ ስለ ጥላው ግን አንድ ቃል አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት በታኅሣሥ ወር ወደ ቆራጣ ወርደን ጀልባዋን ስንመለከት፥ ሸራው ከኋላው የብረት ቋሚ ጫፍ ጋራ በሚነካካበት ማዕዘን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አየን። ለወንድማችን ብናሳየው «እኔም አይቼዋለሁ» አለ። እኛም ከደብረ ታቦር ኮርቻ ሰፊ እንልክልሃለን ብለነው ተመለስን። ከዚያ በኋላ እኛ በሥራ ብዛት ዘነጋነው፤ እሱም ሰፊውን ሲጠብቅ ሁለት ወር አለፈ።

የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት በዓል ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈው እናታችን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መሳለም ስለ ተመኙ፥ ከደብረ ታቦር ይዘናቸው ወርደን ቆራጣ አደርን። በበዓሉ ቀን ገና ሳይነጋ እናታችን፥ የወንድማችን ባለቤት ከአራት ወር ልጇ ጋራ፥ ሌሎችም አራት ምእመናን ከእኛ ጋራ ተሳፈሩ። ባሕሩ እንደ መስተዋት ረግቶ ነበርና ያለ ችግር ዘጌ ደረስን።

ስንመለስ ግን ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። በጣና ላይ ከቀትር በኋላ ነፋስ እንደሚነሣ የባሕር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መካከል ስንደርስ ነፋሱ ከኋላ መጣና በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ሸራውን እስከ መካከሉ ቀደደው። የተቀደደው ጫፍ እንደ ጅራፍ እየተማታ የወንድማችንን ፊት መታው፤ የቀረውም ተነፍቶ ጀልባዋን ወደ ግራ አዘነበላት፥ ውኃም ገባ። እንቦጭ የሚባለው መጤ አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጣና ላይ ስለ ተገኘ፥ ወንድማችን አረሙን ከሞተር ላይ የሚቆርጥበት ቢላዋ ከወገቡ አይለየውም። በዚያ ቢላዋ የፊቱን ገመዶች ቢቆርጥ ሸራው ውኃው ላይ ወደቀ፥ በሞተሩ ክንፍም ተጠመጠመ፥ ሞተሩ ቆመ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ሰዓት ያህል በፀሐይ ተንሳፈፍን። በአገራችን ልማድ ሚስት የባሏን ታላቅ ወንድም በስሙ አትጠራውምና የወንድማችን ባለቤት «ጥላዬ» ትለናለች። በዚያች ሰዓትም ልጇን አቅፋ «ጥላዬ፥ እባክዎ ይህን ልጅ ከፀሐይ ይሠውሩልኝ» አለችን። እኛ ግን ከወንድማችን ጋራ ጎንበስ ብለን ሸራውን ከሞተሩ ላይ ስንቆርጥ ነበርና ቀና ብለን አላየንም። በኋላ ዘወር ስንል እናታችን ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አንሥተው በሕፃኑ ላይ ዘርግተውት፥ እሳቸው ራሳቸውን ገልጠው ተቀምጠዋል። ኮታችንን አውልቀን ብናለብሳቸውም ጊዜው አልፎ ነበር። ቆራጣ ስንደርስ አእምሯቸውን ስተው ነበር። በሕክምና ነፍሳቸው ተመለሰች፤ ዘጠኝ ቀን ግን ከአልጋ አልተነሡም።

በሦስተኛው ቀን፥ እናታችን ከተኙበት ቤት ደጃፍ ላይ፥ ከወንድማችን ጋራ ተጣላን። እኛ «በጀልባዋ ላይ የምትውል አንተ ነህ» አልነው። እሱም «ጋሼ፥ ሰፊ እልካለሁ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለን። ሁለታችንም የተናገርነው እውነት ነበር። በፍርድ ቤት መዝገብ እንዲህ ያለውን ክርክር ስንት ጊዜ በእጃችን ጽፈናል! ሁለቱ ባለጋሮች እውነት ይናገራሉ፥ ምስክርም ያቆማሉ፤ የጋራው ንብረት ግን በመካከላቸው ጠፍቶ ይገኛል። የሌላውን ሰው ስንጽፍ ይታየን የነበረው በራሳችን ሲደርስ አልታየንም።

በማግስቱ እናታችን ሁለታችንን አስጠርተው እንዲህ አሉን፦ «የማን ጥፋት እንደ ሆነ ስትነጋገሩ ሰማኋችሁ። ልጆቼ፥ ያልሰፉት ይሰፋል። ሸራውን እዚህ ግቢ አምጡና ስትሰፉት ልየው።»

ኮርቻ ሰፊውን ከደብረ ታቦር አስመጣን፤ እኛና ወንድማችንም ረዳቶቹ ሆንን። የሠራነውን በተራ እንናገራለን።

አስቀድመን ሸራውን በንጹሕ ውኃ፥ በለስላሳ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ አጠብነው። በረኪና ክሩን ይበላዋልና አላስነካነውም። ከዚያም በነፋሻ ቦታ ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠበቅነው። እርጥብ ሸራ ቢታጠፍ ሻጋታ ያወጣል፤ የጥጥ ሸራ የሆነ እንደ ሆነ ይበሰብሳል።

ሁለተኛ፥ ቀዳዳውን ከመስፋት በፊት ቀዳዳውን ያመጣውን ፈለግን። የቋሚው ጫፍ ስለታም ነበርና በሞረድ አለሰለስነው፥ በላዩም ቆዳ ጠቀለልንበት። ሸራ ብረት በሚነካበት ስፍራ ሁሉ ቆዳ ወይም ድርብ ጨርቅ ማኖር ይገባል። ይህ ካልተደረገ ዛሬ የተጣፈው በሚመጣው ዓመት በዚያው ስፍራ ይቀደዳል።

ሦስተኛ፥ ስፌቱን ሁሉ በጣታችን እየሳብን መረመርን። ሸራው ገና ጠንካራ ሳለ ክሩ በብዙ ቦታ ተበጠሰ፤ ክሩ ከሸራው በላይ ወጥቶ ስለሚጋለጥ ፀሐይ አስቀድማ የምታገኘው እሱን ነው። እናታችን ራሳቸው የፈተሉትን የጥጥ ክር አውጥተው ሰጡን። ሰፊውም በአክብሮት እጅ ነሥቶ፥ የጥጥ ክር በእርጥበት እንደሚበሰብስ፥ ናይሎንም በፀሐይ እንደሚደክም፥ ለዚህ የሚሻለው ፖሊስተር የሚባለው ክር እንደ ሆነ አስረዳቸው። የእሳቸውን ክር ግን አልመለስነውም፤ በሰም አሽተን ሸራው ሲጠቀለል የሚታሰርበትን ማሰሪያ ገመድንበት።

አራተኛ፥ ለተቀደደው ስፍራ ከአንድ ዓይነት ሸራ ጣፊ ቆረጥን። ጣፊው ከቅዱ በየወገኑ አራት ጣት ያህል ይበልጣል፤ ማዕዘኑም ክብ ይሆናል፥ ሹል ማዕዘን ቶሎ ይነሣልና። የጣፊው ድርና ማግ ከሸራው ድርና ማግ ጋራ እንዲገጥም አደረግን፤ የተሰናከለ እንደ ሆነ አንዱ ወገን ሲሳብ ሌላው ይጨማደዳል። ስፌቱም በጣም የተቀራረበ እንዳይሆን ተጠነቀቅን፤ የመርፌ ቀዳዳ ሲበዛ ሸራውን እንደ ወንፊት አድርጎ ለመቀደድ ያዘጋጀዋልና። በልጅነታችን በቤተ ክህነት ትምህርት ስንማር ብራና ፋቂው ቆዳውን ሲወጥር ቀዳዳ ያገኘ እንደ ሆነ፥ ገና እርጥብ ሳለ በጅማት ሲሰፋው እናይ ነበር። ሳይሰፋ ከተወጠረና ከደረቀ ቀዳዳው ይተልቃል። ይህን እያወቅን ሁለት ወር መዘግየታችን ያሳፍረናል።

ስለ ፀሐይና ስለ ነፋስም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነውን ጥቂት እንጨምር። ዐይን የማያየው የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ ከመቶ ዐሥር ያህል ይጨምራል። የጣና ውኃ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነውና ነፋሱ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐዩ ቀላል አይደለም፤ ሰውንም ሸራውንም ይፈጃል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ በሸራው ላይ የሚያርፈው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ነፋስ ሲበረታ ጥላውን አስቀድሞ ማውረድ እንጂ ይችለዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም። በዚያ ቀን ከዘጌ ስንነሣ ሸራውን ጠቅልለን ጃንጥላ ብንይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ሸራው ሁልጊዜ የተወጠረና ወደ አንድ ወገን ያዘቀዘቀ ይሁን። የላላ ሸራ በነፋስ ይማታል፤ በዝናብ ጊዜም ውኃ ያቁራል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና ሁለት ባልዲ ውኃ በላዩ ቢቆም አንድ ልጅ የተቀመጠበትን ያህል ከብዶ ስፌቱን ይጎትታል። የወፍ ኵስ ሲወድቅበት ሳይውል ሳያድር ይታጠብ። ክረምት ሲገባ ጥላው ወርዶ፥ ታጥቦና ደርቆ፥ አይጥ በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ። ጀልባ የሌላችሁ አንባብያንም ይህ አይመለከተንም እንዳትሉ፤ የሰርግ ድንኳን፥ የዕድር ድንኳን፥ የሰገነት ሸራ ሁሉ የሚጠፋው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሚድነውም እንዲሁ።

ሥራው በሦስት ቀን ተፈጸመ። እናታችን በአልጋቸው ሆነው በመስኮት ይመለከቱን ነበር፤ በሁለተኛው ቀንም ተደግፈው ወጥተው የሸራውን ጫፍ ይዘውልናል። ወንድማችንና እኛ ይቅር መባባላችንን በቃል አልተናገርንም። አንዳችን መርፌውን ከላይ ስናስገባ ሌላው ከታች ይቀበል ነበርና ዝም ብለን ሰፋን።

ከዚያ በኋላ ውላችንን አውጥተን አንድ አንቀጽ ጨመርንበት፤ ይኸውም፦ «ጥላውን በየወሩ መባቻ ወንድም ይመረምራል፤ ጉድለት ቢያገኝ በዚያው ሳምንት ያሠራል፤ ወጪውን ታላቅ ወንድም ሳይጠየቅ ይከፍላል፤ ክረምት ሲገባም ሸራውን ወደ ደብረ ታቦር ወስዶ ይጠብቃል» የሚል ነው። በጋራ ዕቃ ላይ «እንጠብቃለን» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ የሚጠብቀው አይገኝም፤ እከሌ ይጠብቃል ተብሎ መጻፍ አለበት።

እናታችን በሚመጣው ዓመት የካቲት እንደገና ተሳፍረው ዑራን ተሳለሙ፤ የዚያን ጊዜው ሕፃንም ዛሬ በእግሩ ሄዶ ጀልባዋ ላይ ይወጣል። እናቱ አሁንም «ጥላዬ» ትለናለች፤ እኛም ስንሰማት በልባችን ትንሽ እናፍራለን። ባለፈው መስከረም ሸራውን ከጓዳ አውጥተን በግቢያችን ስንዘረጋው በአንዱ ጠርዝ ላይ ጣት የማይሞላ ሌላ ቀዳዳ አገኘን። ቀኑ ሳይመሽ ሰፋነው።