ለእምዬ፣ ስለ ውሮ ጉዳይ

ይድረስ አምቢኮ ላለሽው ለምወድሽ እናቴ።

እምዬ፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ያው የልጅ ልጅሽ ነውና አስቀድሜ ልለምነው፦ አንተ ልጅ፣ አንተን የሚነካው ጋ ስትደርስ እንዳትዘል።

ባለፈው በስልክ «ይህ ልጅ ከድመት ጋር ታወሪያለሽ እያለ ይስቅብኛል» ብለሽኝ ነበር። ነገሩ ከንክኖኝ ሳነብ ሰነበትኩ። ፍርዱ ላንቺ ያደላል፤ ሙሉ ለሙሉ ግን አይደለም።

አፁኮ ሳይቶ የምትባል ጃፓናዊት ተመራማሪ አለች። ከባልደረባዋ ጋር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ድመቶች በየቤታቸው ሳሉ እንግዳ ሰዎችም ባለቤታቸውም ሲጠሯቸው የተቀዳ ድምፅ አሰማቻቸው። የባለቤታቸውን ድምፅ ለይተዋል። በምን ታወቀ ትዪኝ ይሆናል። ጆሯቸውን አዞሩ፣ አንገታቸውን መለስ አደረጉ፤ ተነሥቶ መምጣት ግን የለም! ድመትሽ ውሮ መደቡ ላይ ተጋድማ «ነይ» ስትያት አንድ ጆሮዋን ብቻ አዙራ የምትተኛው ሳትሰማ ቀርታ አይደለም ማለት ነው። እኔ ንቀት እለዋለሁ፤ አንቺ እንደተለመደው «ደክሟት ነው» ትያለሽ።

ይህችው ሴት በ2019 ደግሞ ስማቸውን ያውቁ እንደሆነ ፈተነች። የድመቲቱን ስም የሚመስሉ አራት ቃላት በተከታታይ ታሰማለች። ድመቲቱ እየሰለቻት ችላ ስትል ስሟን ጣል ታደርግባታለች፤ ያኔ ጆሮ ይነቃል። በ2024 ሌሎች ጃፓናውያን ከዚህም አለፉ። ስክሪን ላይ ሥዕል እያሳዩ በባለቤታቸው ድምፅ ትርጉም የሌለው ቃል ለድመቶች ያሰሟቸዋል። ቆይተው ቃሉንና ሥዕሉን ሲያቀያይሩባቸው ድመቶቹ ግራ ገብቷቸው ረዘም አድርገው አፈጠጡ። ለካ ቃሉን ከሥዕሉ ጋር አያይዘውት ኖሯል፤ ያውም ማንም ሥጋ ሳይሰጣቸው።

እንግዲህ ፍርዱ ላንቺ የማያደላው እዚህ ላይ ነው። ስለ ገብሱ ዋጋና ስለ ጎረቤት ክርክር የምታጫውቻትን ወሬ ውሮ አትከተለውም። ስሟን፣ አዘውትረሽ ከአንድ ነገር ጋር የምታነሺውን ቃልና ከሁሉ በላይ ድምፅሽን ነው የምታውቀው።

ስለ ድምፅ ካነሣሁ የፈረንሳዮቹን ጥናት ልንገርሽ፤ እኔ የወደድኩት እሱን ነው። ፓሪስ ናንቴር ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ሻርሎት ደ ሙዞን በ2022 ከባልደረቦቿ ጋር 16 ድመቶችን ፈትና ነበር። ባለቤታቸው ከሰው ጋር ሲነጋገርና እነሱን ሲያናግር የድምፁን ልዩነት ይለያሉ። ጭላዳ ገብስ ውስጥ ሲገባብሽ የምትጮኺውና ቀጠን አድርገሽ «ውሮዬ» የምትይው ለውሮ አንድ አይደለም፤ የትኛው የእሷ እንደሆነ ታውቀዋለች። እንግዳ ሰው በዚያው ቅላጼ ሲያቆላምጣቸው ግን ድመቶቹ ደንታም አልሰጣቸው። አንተ ልጅ፣ እዚህ ጋ ቀስ ብለህ አንብብላት።

የውሮም «ሚያው» ቢሆን ላንቺ የወጣ ነው። ያደገች ድመት ከድመት ጋር ስትሆን እምብዛም ሚያው አትልም፤ ይህን የምታውለው ለሰው ነው።

ስለ ድመትና ስለ ድምፅ ሳስብ አንድ የድሮ ታሪክም ትዝ ይለኛል። አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ዙላ የምትባል ድመት ከአገራችን ተወስዳለች ይባላል። ፈረንጆች «አቢሲኒያን» የሚሉትን የድመት ዘር ከእሷ የሚቆጥሩ አሉ። የዘር ምርመራው ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው የሚያመለክተው። ክርክሩን ለእነሱ ልተውና፣ ነገሩ እውነት ከሆነ ያቺ ድመት እንግሊዝ ደርሳ ሰው ሁሉ በማታውቀው አፍ ሲጠራት ጆሮዋን ለማን አዞረች? አንዳንድ ማታ ታክሲ ተሰልፌ ይህ ይመጣብኛል።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ እደውላለሁ። ልጁ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ውሮ አጠገብ ያስቀምጥልኝ፤ አንቺም እባክሽ አትናገሪ። ሁለት ጊዜ ስሟን ጠርቼ ዝም እላለሁ። ጆሮዋን ካዞረች ወዲያው ንገሩኝ። ካላዞረች ኔትወርኩ ነው በሉኝ።

ናፋቂሽ ልጅሽ
ከአዲስ አበባ