ለሽማግሌ መኪና የሚሆን ታርጋ

በአገራችን መኪና ሥራዋን የምትናገርበት ታርጋ አላት፤ ዕድሜዋን የምትናገርበት ግን የላትም። አንባቢ ሆይ፥ ለብዙ ዓመት ስናነበው የኖርነውን ሰሌዳ አስታውስ፤ ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የቤት መኪና፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት። ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን እዚህ ጎንደር፣ አራዳ ሠፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች መኪና በዚሁ ጉድለት ምክንያት ለቆራሌው በኪሎ ልትሸጥ ተቃርባለች።

መኪናይቱ ፊያት 850 ስፓይደር ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ የሚታጠፍ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ የስፖርት መኪና ስትሆን በጣሊያን አገር ከ1965 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ስትሠራ ቆይታለች። ባለቤቷ ዛሬ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። በጉብዝናቸው ወራት ከአስመራ ገዝተው፣ ተከዜን ተሻግረው፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ አስወጥተው እንዳመጧት ይነግሩናል። «እንደ ሚዳቋ ነበረች» ይላሉ። እኛ እንኳ ስትታጠብ እንጂ ስትሮጥ አላየናትም።

መከራው የመጣው ቦሎ ሲፈለግ ነው። (ታርጋም ቦሎም ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው፤ የአገሯ ልጆች ሆነው ሳለ አልራሩላትም።) በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ ይመረመራል። በሊብሬው ላይ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ተጽፏል። የጋሼ መኪና ሞተር ግን ከብዙ ዘመን በፊት ተሰንጥቆ በሌላ ተለውጧል፤ የሸጠላቸው መካኒክ በሕይወት የለም፤ ደረሰኝም አልነበረ። ጉዳያቸውን የያዘው ጸሐፊ «ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው» ብሎ መለሳቸው። ሰውየውን አንወቅሰውም። የሞተር ቁጥር የሚመሳከረው ሌባ እንዳይከብር ነውና ደንቡ ልክ ነው። እኛን የሚከነክነን «ሁሉም» የሚለው ቃል ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ፈትቶታል። ጀርመን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 30 ዓመት ለሞላትና ጥንተ መልኳን ለጠበቀች መኪና በታርጋዋ መጨረሻ «ኤች» የምትል ፊደል ትጨምራለች። በእንግሊዝ አገር 40 ዓመት ያለፋትና ብዙ ያልተለወጠች መኪና ከመንገድ ግብርም ከዓመታዊ ምርመራም ነፃ ናት።

ታዲያ ይህንኑ ቀድተን እናምጣው? እኛ በመካከላችን ሁለት ማታ ሙሉ ተከራከርንበት። እነርሱ ዘንድ አሮጌ መኪና ጌጥ ነው፤ እኛ ዘንድ እንጀራ ነው። 40 ዓመት የሞላው ሁሉ ከምርመራ ነፃ ይሁን ቢባል፣ ፍሬኑ የላላ ፊያት ኤንትሬ እህል ጭኖ «እኔም ቅርስ ነኝ» እያለ ሊማሊሞን ይወርዳል። ያን ቀን ገደል ዳር መቆም የሚሻ ማን ነው? ስለዚህ የእኛ አሳብ ነፃነት ሳይሆን የተለየ ምርመራ ነው። ፍሬን፣ መብራትና መሪ እንደማንኛውም ይፈተሽ፤ የሞተሩ ለውጥ በባለሙያ ቃልና በምስክር ይመዝገብ፤ በዚህ ታርጋ ጭነትና መንገደኛ ማመላለስ ይከልከል፤ መኪናይቱ በሰንበትና በበዓል ትውጣ። ይህ ለሀብታም የሚሰጥ ሽልማት ነው የሚል ወዳጅ አለን። ጋሼ የጡረታቸውን ገንዘብ የሚቆጥሩት በሳንቲም መሆኑን ስንነግረው ዝም አለ፤ አልተረታም ግን።

ነገሩን የሚያስቸኩል ሌላ ምክንያትም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ለአየሩም ለውጭ ምንዛሪውም የታሰበ ነውና አንቃወምም። ሆኖም ከእንግዲህ እንዲህ ያለች መኪና ብትጠፋ ምትክ አይመጣላትም። የፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ ስለዚህ ድንጋይ መጠበቅ እናውቅበታለን። ብረት ግን ሲያረጅ የምናውቀው ሚዛን ላይ ማውጣት ብቻ ነው።

ለጋሼ ማመልከቻውን እኛው ጻፍንላቸው። ቅጹም ተያይዟል፤ ስም፣ አድራሻ፣ የሻንሲ ቁጥር ተሞልቷል። «የተሽከርካሪው አገልግሎት» ከሚለው ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ቦታ በምን እንደምንሞላው ግን እስከዛሬ አልተስማማንም።